ኦሲሎስኮፕ ታቅፌ ከጀበል ገበያ እስከ ማንጋቴን

ከሃይ ማላካል መነሻ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ሰው ለመንገድ ሲነሳ ስንቅ ይይዛል፤ እኔ ቴስተሬን፣ ካቻቢቴዬን፣ ባትሪ ልገዛበት ያስቀመጥኩትን ዶላርና ንዴቴን ይዤ ወጣሁ። ከሁሉም የከበደኝ ንዴቴ ነው።

የጉዞው ዓላማ ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጁባ፣ ንያኩሮን ሰፈር ሽምግልና አለ። እዚያ ታምራት የሚባል የውሃ ቦቴ ሹፌር ያልሠራውን ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ጀበል ገበያ ደርሼ፣ አሮጌ ኦሲሎስኮፕ ገዝቼ፣ ልጁ ሌባ አለመሆኑን ሽማግሌዎቹ ፊት ላሳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ቦቴው የእህት አስቴር ነው። እህት አስቴር ከወንዝ ውሃ እያስቀዳች በየሰፈሩ የምትሸጥ፣ ጎበዝ፣ ጸሎተኛ፣ ቁጣዋ ግን እንደ ጁባ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ የሚወርድ ሴት ናት። ይሄ ቦቴ ማንጋቴን ሰፈር ገብቶ ውሃ ሲያድል ድንገት ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ጋራዥ ሲወስዱት ግን ቀኑን ሙሉ ቢያስነሱት አይጠፋም። የጋራዡ ሰውዬ ክራንክ ሴንሰሩን ለወጠ። መልሶ ለወጠ። ደግሞ ለወጠ። ክራንክ ሴንሰር ማለት ሞተሩ ሲዞር ለኮምፒዩተሩ "አለሁ፣ እየዞርኩ ነው" እያለ የሚናገር ትንሽ ዕቃ ነው፤ እሱ ዝም ካለ ሞተሩ ይቆማል። ሰውዬው መለወጡ አልሆን ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ኦሪጅናሉ ተሽጧል፤ ሹፌርሽን ጠይቂው።"

እዩት እንግዲህ! የማያውቀውን "አላውቅም" ማለት ሞት የሆነበት መካኒክ ሁሉ ጥፋቱን ሹፌር ላይ ነው የሚለጥፈው። እህት አስቴርም ሒሳቡን ሠራችው። "ሌላ ሰው ሲነዳው አይጠፋም፣ አንተ ስትነዳው ይጠፋል።" ከዚያ ማንጋቴን መሃል፣ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች እየሰሙ "ሐራሚ!" አለችው። ሐራሚ ጁባ ውስጥ ሌባ ማለት ነው፤ ትርጉም አያሻውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ሹፌር ስሙ ከጠፋ መንጃ ፈቃዱ ተራ ወረቀት ነው። ታምራት እኛ ግቢ ነው የተከራየው። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እንደ ሰው አልበላም፣ ቤተ ክርስቲያንም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ግርማ ደግሞ ሊያስታርቁ ገቡና "ለሰላም ሲባል ይቅርታ ጠይቃት። ይቅርታ አያዋርድም" አሉት። ብግን አልኩ! ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ከጠየቀ ነገ "ሰርቆ ይቅርታ ጠየቀ" ነው የሚባለው። ይሄ ምኑ እርቅ ነው?

እኔ ማነኝ? ኢንጂነር ሽፈራው ነኝ። ማዕረጉን ማን ሰጠህ ይሉኛል፤ እኔው ነኝ የሰጠሁት፣ ሌላ ሰው እስኪሰጠኝ ብጠብቅ አረጅ ነበር። ትምህርቴን የጀመርኩት በልጅነቴ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ ነው። ሬዲዮው እስከ ዛሬ እንደተፈታ ነው፣ እኔ ግን እዚህ ደርሻለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ላይ ጁባ ውስጥ የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ፣ ሻይ እጋብዘዋለሁ፣ ከዚያ እሸኘዋለሁ።

የታምራትን ቦቴ አይቼዋለሁ። ቴስተሬ ሁሉም ደህና ነው አለኝ። የቴስተር ችግሩ ይሄ ነው፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ጉባኤው ስንት ሰው አለው ብትሉት ሁለት መቶ ይላል፣ ማን እንዳንቀላፋ አይነግራችሁም። ኦሲሎስኮፕ ግን ኤሌክትሪኩን በመስኮቱ ላይ እየሣለ መልኩን ያሳያል፤ የተንቀጠቀጠውን፣ የተቆረጠውን፣ የታመመውን። እንዴት እንደሚሠራ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ አንድ በአንድ አጥንቻለሁ። በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ ይሄን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ጀበል ገበያ

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው። የቦዳቦዳው፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲው፣ ልጅ ጉድጓድ ላለመግባት ወደ ሰው በር፣ ከሰው በር ወደ ጉድጓድ እያለ፣ የኒም ዛፎቹ የሌሊቱን ውሃ አንገቴ ውስጥ እያንጠባጠቡ ጀበል ደረስን። ከገበያው በላይ ያለው ተራራ ታጥቦ ቁልጭ ብሏል። ገበያው ግን አልታጠበም። ፉል ቤት ገብቼ ዘይቱና ሽንኩርቱ በዛ ያለ ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ። ለተናደደ ሰው ፉል ጥሩ ነው፤ አፍ ይይዛል።

ሐጂ የሚባለው ነጋዴ ቢሮ የሚዘጉ ድርጅቶች ጥለው የሚሄዱትን ዕቃ ነው የሚሸጠው። ፍሪጅ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ፕሪንተር፣ ጀኔሬተር። ኦሲሎስኮፑን ባለፈው ባትሪ ስፈልግ ነበር ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ያየሁት። አሁንም እዚያው ነው። የድሮው ዓይነት፣ እንደ ቴሌቪዥን ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ፣ ፊቱ በቁልፍ የተሞላ ከባድ ነገር ነው። ልቤ ዘለለች። ፊቴን ግን አኮሳተርኩ።

"ያ ሐጂ፣ ዳ ሹኑ?" አልኩት። ይሄ ምንድነው ማለቴ ነው፤ እንደማያውቅ መሆን የገበያ ግማሽ ነው።

"የልብ ማሽን ነው" አለኝ በዓረብኛው። "ከሆስፒታል የወጣ። ሁለት መቶ ዶላር።"

"የልብ ማሽን! እንግዲያው በሽተኛው የታለ?"

"አንተ ዋጋውን ስትሰማ በሽተኛ ትሆናለህ" አለና ሳቀ።

ጀኔሬተሩን አስነስቶ ሰካልኝ። መስኮቱ ቀስ ብሎ ሞቀና አረንጓዴ መስመር ወጣ። ሽቦውን ማሽኑ ራሱን መፈተሻ ብሎ ከፊቱ ያወጣት ጫፍ ላይ ነካሁ። እንደ ቪዲዮው ከሆነ ሳጥን ሳጥን የሚመስል ሞገድ ነው መውጣት ያለበት። መስመሩ ግን ቀጥ ብሎ ተኛ። መጀመሪያ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ከዚያ አንዷ ማብሪያ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ጂኤንዲ የሚል ላይ ነው ያለችው። ጂኤንዲ ማለት ማሳ ነው፤ እኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ሰዎች የኤሌክትሪኩን መመለሻ እንዲህ ነው የምንለው። ማብሪያዋ እዚያ ላይ ስትሆን ከውጭ የሚመጣውን ማሽኑ አይሰማም፤ ሽቦው ጫፍ ላይ መብረቅ ቢወርድ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

ማሽኑ ጤነኛ ነው! ታዲያ እናገራለሁ? አልናገርም።

"ሐጂ" አልኩ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ "መስመሩን እያየህ ነው? በሽተኛው ሞቷል። ሰባ ዶላር ለቀብሩ።"

ሐጂ እኔን አየኝ። ማሽኑን አየ። መልሶ እኔን አየኝ። ከዚያ በወፍራም ጣቱ ማብሪያዋን ቀጭ አደረጋት። ሳጥኖቹ ተሰልፈው ወጡ፣ ጥርት ያሉ፣ አንዱ ካንዱ የማይበላለጥ።

"ሐምዱሊላህ" አለ። "አሁን ዳነ። ዋጋውም ዳነ።"

ኢንጂነር ሽፈራው በፍሪጅ ነጋዴ ተበላ! "ይሄን እያወቅህ የልብ ማሽን ትለኛለህ?" ብዬ ጮህኩ። "ለሐበሻ ኦሲሎስኮፕ ካልኩት ዋጋ ያወርዳል፣ ልብ ካልኩት ይደነግጣል" አለኝ። መቶ ሠላሳ ላይ "ካላስ" ተባባልን። ባትሪዬን በላሁት ማለት ነው።

ንዴቱ አላለቀም። ቦዳቦዳ ላይ ማሽኑን ታቅፌ ስወጣ ልጁ "ነፈር ኢትኔን!" አለኝ። ሁለት ሰው ናችሁ እኮ ነው የሚለው! "እግር አለው? ይተነፍሳል?" አልኩት። "ከአንተ ይከብዳል" አለኝ። የሁለት ሰው ከፈልኩ። እንደ ሙሽራ አቅፌው፣ በየጉድጓዱ "ቀስ፣ ቀስ በል!" እያልኩ ወደ ንያኩሮን ወረድን።

ንያኩሮን

የእህት አስቴር ግቢ ስደርስ ሽምግልናው ተጀምሯል። ማንጎው ሥር ጋሽ ግርማ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እህት አስቴር ነጠላዋን አጥብቃ፣ ታምራት ደግሞ ፊት ለፊታቸው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጠዋል። ቦቴው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንደሞላ አጠገባቸው ቆሟል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ ወንድም ሽፈራው?" አለች እህት አስቴር። "ቴሌቪዥን ልታሳየን ነው?"

"እውነት ነው የማሳይሽ" አልኳት። ጥሩ አባባል መሰለኝ፤ መንገድ ላይ ነው ያዘጋጀሁት።

ጋሽ ግርማ ሰዓታቸውን አዩ። "እኛ እንኳ ወደ ማጠቃለያው ነበርን። በል ቶሎ በል።"

ከቤት ገመድ ጎትቼ ማሽኑን ሰካሁ። ጋቢናውን ወደ ፊት ገልብጠን እህት አስቴር በሰጠችኝ መርፌ የሴንሰሩን ሽቦ ከጀርባ ነካሁት። ጋቢናውን መልሰን ታምራት ሞተሩን አስነሳ። ጌታ ሆይ! ሞገዱ መስኮቱ ላይ ተግተለተለ፤ ጥርስ በጥርስ፣ በየመሃሉ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተወው ክፍተት ሳይቀር። 

"ታዲያ ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ግርማ።

"ሴንሰሩ ጤነኛ ነው ይላል።"

"ጤነኛ ከሆነማ መኪናውን ማን ያጠፋዋል?"

 ሽቦዎቹን ወዘወዝኩ፤ ምንም። ነዳጅ አስረገጥኩት፤ ምንም። ሞገዱ እንደ እሑድ ትምህርት ቤት ልጅ ሥርዓት ይዞ ያልፋል።  ለራሴ እፍረት ግድ የለኝም፣ ለምጄዋለሁ። ታምራት ግን ከጋቢናው ወርዶ እንደገና እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ሙከራህን እናመሰግናለን" አሉ ጋሽ ግርማ። "እንግዲህ ታምራት፣ ልጄ፣ ለሰላም ሲባል አንዲት ቃል በልና በጸሎት እንዝጋ።"

ታምራት ተነሳ። አፉን ሲከፍት ሳየው ደሜ ፈላ።

"ቁጭ በል!" አልኩት። "ሳትናገር በፊት ማንጋቴን ውሰደኝ።"

"አሁን?"

"እዚሁ። ጋቢናው ውስጥ ግባና ማንጋቴን ስትገባ የምታደርገውን ሁሉ በተራ አድርግ። አንድም ነገር እንዳታስቀር።"

ሞተሩን አስነሳ። "እሺ ጋሼ። እዚህ ጋ እታጠፋለሁ። ክላክስ አደርጋለሁ።" አደረገ፤ ሞገዱ አልተነቃነቀም። "ማርሹን ዜሮ። ፓምፑን አስነሳለሁ።" ምንም። "ከዚያ መዝሙሩን እከፍታለሁ።"

"የምን መዝሙር?"

"እትዬ አስቴር ያዘዙኝ ነዋ! ሰፈር ስገባ በድምፅ ማጉያው እንድከፍት። ውሃውም ይታደል፣ ወንጌሉም ይሰማ ብለው።"

"ጋራዥስ ከፍተኸው ታውቃለህ?"

"ጋራዥ ውስጥ ማን መዝሙር ይከፍታል፣ ጋሼ?"

"ክፈተው።"

ጋቢናው ጣሪያ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ መዝሙሩ ወጣ። ወዲያው ያ ጨዋ ሞገድ ጸጉር አበቀለ። "ጨምር!" አልኩ። ጨመረ። ጥርሶቹ ተጨማለቁ፣ የትኛው ሞገድ የትኛው ጸጉር እንደሆነ መለየት አቃተ። "እስከ ጫፍ!" ዘማሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሞተሩ ጭጭ አለ። መዝሙሩ ብቻ ቀረ፣ ጭር ባለው ግቢ ሃሌ ሉያ እያለ።

እህት አስቴር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ግርማ ግን ተቆጡ። "መዝሙር ነው መኪና የሚያጠፋው? ምን ማለትህ ነው?"

"መዝሙሩ ምን በወጣው፤ ሽቦው ነው" አልኩና ጋቢናውን አስገልብጬ ገባሁበት። ሳላየው የቀረሁት ነገር ዓይኔ ሥር ነበር። የድምፅ ማጉያው አምፕሊፋየር ወፍራም ገመድ ከሴንሰሩ ቀጭን ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ፣ በነጭ ፕላስቲክ እየተጠፈረ፣ በጣም በሚያምር አሠራር ታስሯል። ማሳውም የሴንሰሩ ማሳ የታሰረበት ብሎን ላይ ነው የታሰረው። አምፕሊፋየሩ በጮኸ ቁጥር ሴንሰሩ ጆሮ ውስጥ ነው የሚጮኸው! ሰው እንኳ በዚህ ሁሉ ጩኸት ስሙን ይረሳል።

"ይሄን ያሰረ ማነው?" አልኩ ጮክ ብዬ። "የትኛው ደነዝ ነው?"

 እህት አስቴር ቀስ ብላ ወደ ጋሽ ግርማ ዞረች። የቤተ ክርስቲያናችንን ድምፅ ማጉያ የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ማንጎው ላይ ነው።

"እኔ ነኝ" አሉ። "በነፃ ነው የሠራሁት። ለአገልግሎት ብዬ።"

ሣቄ መጣ፣ ንዴቴ ግን ቀደመው። እሳቸው ግን ቶሎ ተረጋጉ። "እንግዲህ ሁላችንም ሰዎች ነን። ለሰላም ሲባል ሁላችንም ይቅር እንባባል።"

"ሁላችንም?" አልኩ። "ሁላችንም ማለት እነማን ናቸው? ታምራት ምን አደረገና ነው በ'ሁላችንም' ውስጥ የሚገባው?"

ታምራት ያን ጊዜ ቀና አለ። ድምፁን እንኳ አላነሳም። "ጋሼ ግርማ፣ እኔ ማንንም አልበደልኩም። እኔን ከዚህ ያውጡኝ። እትዬ አስቴር ሌባ ያሉኝ ማንጋቴን ሰው ፊት ነው። ማንጎ ሥር የተባለ ነገር ማንጋቴን አይደርስም።"

እህት አስቴር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። "መዝሙሩ ካልተከፈተ አይጠፋም አይደል?" አለችኝ።

"አይጠፋም።"

"እንሂድ።"

ማንጋቴን

እሷና ታምራት በቦቴው፣ እኔና ማሽኔ ከኋላ በጋሽ ግርማ መኪና ሄድን።  ማሽኑ ጭኔ ላይ ስለነበር ብዙ መተንፈስ አልቻልኩም።

ማንጋቴን ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። ታምራት ፓምፑን አስነሳ፣ ውሃው መውረድ ጀመረ። እህት አስቴር ጋቢናው ውስጥ ተንጠራርታ ማይክሮፎኑን አነሳችና አምፕሊፋየሩን ከፈተችው። ሞተሩ እየሠራ! "ቆይ መጀመሪያ" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይሄ ንግግር መቋረጥ የለበትም።

"ስሙኝ!" አለች በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛ። "ታምራት ማ ሐራሚ!" ታምራት ሌባ አይደለም ማለቷ ነው። ሴቶቹ ቀና አሉ። ትንፋሽ ወሰደችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፣ "አና ጋልታን! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!"

"አና" ስትል ሞተሩ ተንተባተበ። "ጋልታን" ስትል ጠፋ። ያ ሁሉ የሞተር ጩኸት ስለቆመ ቃሏ በየቆርቆሮው ላይ አስተጋብቶ እስከ ሰፈሩ ዳር ተሰማ። ሞተሩ ባይጠፋ ኖሮ ግማሹ ሰው አይሰማትም ነበር።

ውሃውም አብሮ ቆመ። ከሰልፉ ፊት የነበረችው ሴትዮ ግማሽ ድረስ የሞላውን ጀሪካኗን አየች፣ እህት አስቴርን አየች፣ ከዚያ "ካላስ፣ ሰምተናል! ጂቡ ሞያ!" አለች። በቃሽ፣ ውሃ አምጪ እኮ ነው የምትለው! ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ታምራት መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ያለቅሳል ብዬ ስጠጋ ሳቅ ትንፋሽ አሳጥቶት ነው።

እዚያው ጋቢናውን ገልብጬ ገመዱን ከሴንሰሩ ሽቦ ለየሁት፣ በሌላ በኩል አሳለፍኩት፣ ማሳውንም ቀጥታ ባትሪው ላይ አሰርኩት። ቁልፍ የሚያቀብሉኝ ጋሽ ግርማ ናቸው። አሥራ ሁለት ቁጥር ስጠይቅ አሥራ አራት ይሰጡኛል። ከዚያ መዝሙሩን እስከ ጫፍ ከፈትነው። ውሃው ወረደ፣ ዘማሪው ዘመረ፣ ሞተሩ ጆሮውን እንኳ አልነቀነቀም።

ወደ ቤት

ጋሽ ግርማ እስከ ሃይ ማላካል ሸኙኝ። እኔ ጭቃውን እያየሁ የሐጂን ማብሪያ አስብ ነበር። መስመሩ ቀጥ ብሎ የተኛው ሕመም ስለሌለ አልነበረም፤ ማሽኑ እንዳይሰማ ስለተደረገ ነው። እንዲህ ያለ ሰላም አለ። ያልበደለውን "ለሰላም ሲባል" አሰኝተን፣ ማብሪያውን ማሳ ላይ አድርገን፣ ቀጥ ያለውን መስመር እያየን እግዚአብሔር ይመስገን የምንለው። ይሄን ያስተማረኝ መቶ ሠላሳ ዶላር ነው፤ ከሁለት ሰው የቦዳቦዳ ሒሳብ ጋር።

በሬ ላይ መኪናውን አቆሙ። ማሽኑን ከጭኔ ላይ እንዳነሳ ረዱኝ፤ ያው ሽማግሌ ናቸው፣ ጨዋ ናቸው። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ያቺ ሴት ዛሬ ትልቅ ነገር አደረገች" አሉኝ። "አየህ፣ ይቅርታ አያዋርድም።"

ማሽኑን እንዳቀፍኩ ጎንበስ ብዬ ዓይናቸውን አየሁ።

"ታምራት እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ቦቴውን አቁሞ አሁን ይመጣል። አያዋርድም ካሉ እስቲ ይሞክሩት።"

ሞተራቸውን አጠፉ። ያለ መዝሙር።